የመጋቢት ማር የሚወሰነው በጥር ነው፦ ለጀማሪ ንብ አናቢ

ጅማ ላይ ንብ ማነብ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀፎ ዋጋ ነው። አናጢ ያነጋግራል፣ ቀፎውን ያሠራል፣ ግቢው ጥግ ያቆመዋል። ከዓመት በኋላ ስትሄዱ ቀፎው እዚያው ቆሟል። ንቡ ግን ወይ አልገባም፣ ወይ ገብቶ ሄዷል፣ ወይ ደግሞ አለ፤ ማር ግን የለም። ሰውየውም «እኔን ንብ አይወደኝም» ብሎ ይተወዋል። ንብ እንደው ማንንም አይወድም። የሚያውቀው አበባና ወቅት ነው።

ስለዚህ ከወቅቱ ልጀምር። ቀፎው ይደርሳል።

በአንድ መንጋ ውስጥ ሦስት ዓይነት ንብ አለ። ንግሥቷ አንድ ናት፤ ብዙ ሰው አውራ ይላታል። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው፤ ቀለብ ሲትረፈረፍ በቀን ከ1000 በላይ ትጥላለች። ድንጉላዎቹ ወንዶች ናቸው። ከንግሥት ጋር ከመገናኘት ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የላቸውም፤ መናደፊያም የላቸውም። የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች።

የአንዲት ሠራተኛ ንብ ዕድሜ እንቁጠር። እንቁላል ሆና 3 ቀን ትቆያለች። ተፈልፍላ እጭ ስትሆን 6 ቀን ገደማ ትመገባለች። ከዚያ ጉድጓዷ በሰም ይከደንና 12 ቀን ያህል ውስጥ ትቆያለች። በድምሩ 21 ቀን ነው፤ የእኛ አገር ንብ አንድ ሁለት ቀን ብታሳጥረውም። ከወጣች በኋላም ወዲያው አበባ ላይ አትሄድም። መጀመሪያ ቤት ታጸዳለች፣ ታናናሾቿን ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች። ወለላ (አበባ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ) ፍለጋ ውጭ የምትወጣው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ከጉድጓዷ ከወጣች በኋላ ያላት ዕድሜ ስድስት ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ ለማር የምትሮጠው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው።

ሁለቱን ሦስት ሳምንት ደምሩ። ዛሬ የተጣለ እንቁላል አበባ ላይ የሚያርፍ ንብ የሚሆነው ከ42 ቀን በኋላ ነው።

አሁን ሂሳቡን ጅማ አምጡት። ቡና የሚያብበው የበጋው ድርቀት ካለፈና የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በኋላ ነው። በአብዛኛው የካቲትና መጋቢት ላይ ይውላል። ዝናቡ በዘነበ በአሥር ቀን አካባቢ ማሳው ሁሉ ይነጣል። ሽታው መንገድ ላይ ያቆማል፤ ወደ አጋሮ በዚያ ሳምንት የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ግን አበባው ቆይቶ አይጠብቅም፤ በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። ዝናቡ ቆራረጥ አድርጎ ከመጣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይኖራል እንጂ አንዱ ዙር ካመለጠ አመለጠ ነው።

ቡናው የካቲት 15 ያብባል እንበል። ከዚያ 42 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጥር 3 ላይ ታርፋላችሁ። የቡናውን ወለላ የሚለቅሙት ንቦች በጥር መጀመሪያ እንቁላል የነበሩት ናቸው ማለት ነው። በጥር ንግሥቷ እንቁላል ካልጣለች በየካቲት ያ ሁሉ አበባ ሲፈነዳ ቀፎው ውስጥ ሠራተኛ የለም። ጥቂቶቹ ቢሮጡም የሚያገኙት ለራሳቸው ቀለብ ነው። መንጋው አበባውን በልቶ ይበዛል፣ ሲበዛ አበባው አልቋል። ጀማሪው ደግሞ ቀፎውን ከፍቶ «ንቡ ሞልቷል፣ ማሩ የት ሄደ?» ይላል።

ንግሥት በጥር እንቁላል እንድትጥል ምን ያስፈልጋል? ቀፎው ውስጥ ቀለብ መኖር አለበት፤ ውጭም የአበባ ዱቄት። ዱቄቱ ለእጭ እንደ ሥጋና ወተት ነው፤ ያለ እሱ ማር ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ጅማ አካባቢ ለዚህ ግራዋ አለልን። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየአጥሩ ያብባል። ሰው ግራዋን ለጋን ማጠቢያና ለመድኃኒት ብቻ ስለሚያውቀው አበባውን ቁብ አይሰጠውም። ለንብ ግን የደረቁ ወራት ድልድይ ነው። አጥራችሁ ላይ ካለ አትቁረጡት፤ ከሌለ ቅርንጫፉን ሰክታችሁ አብቅሉ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይከብዳል፤ የሰው እጅ ስለሆነ። በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ዙር ማር ይቆረጣል። የመስከረም አደይ፣ መቹ (ቢጫ የዱር አበባ)፣ ከዚያም ዋንዛው የሰጠው ማር ነው። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ቀፎውን ጠርጎ ያወጣል። ቀለቡ የተወሰደበት መንጋ ንግሥቷን መመገብ ይቀንሳል፣ እሷም መጣል ትቀንሳለች፣ አንዳንዴም መንጋው ጠቅልሎ ይሄዳል። የታኅሣሥ ስስት የመጋቢትን ማር ይበላል። በመጀመሪያው ዓመት ከምታገኙት ማር ግማሹን ተዉላቸው። ኪሳራ ይመስላል፤ አይደለም።

ይኸው የስድስት ሳምንት ሂሳብ ለሌሎቹም አበቦች ይሠራል። ከቡና ቀጥሎ የሚመጣው ጌተም ነው፤ በጅማ ዙሪያ ባሉት በገራ ደንና «በለጠ» በሚባለው ደን ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ላይ የሚያብበው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ነጩ ማር የሚባለው በብዛት ከሱ ነው። ለእሱ የሚሆነው መንጋ የሚታነጸው በጥር መጨረሻና በየካቲት ነው። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ብሳናው አለ፤ ማሩ ጠቆር ይላል፣ ምሬትም አለው፣ ወዳጁ ግን ብዙ ነው። ዋናው የቆረጣ ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እኔ የጻፍኳቸው ወራት ለጅማ ከተማና ለዙሪያዋ የሚቀራረቡ ናቸው። ገራ ከፍ ባለው ቦታ ያለ ሰውና ቆላ ወረድ ብሎ ያለ ሰው ግን የሁለት ሦስት ሳምንት ልዩነት ሊያዩ ይችላሉ። ርካሽ ደብተር ግዙ። ግቢያችሁ አካባቢ የትኛው ዛፍ መቼ አበበ፣ ንቡ በምን ቀለም እግሩን ሞልቶ ገባ፣ ይህን ብቻ ጻፉ። በሁለተኛው ዓመት ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ መጽሐፍ በእጃችሁ ይኖራል።

ቀፎው

በደኑ ውስጥ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ርካሽ ነው፤ ንብም ይወደዋል። የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ውስጡን ማየት አለመቻሉ ነው። ማሩንና እጩን አብሮ ይቆርጣሉ፤ በሌሊት ዛፍ ላይ ወጥቶ መቁረጥ ደግሞ ሰው ይጥላል። በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢገኝበት ነው።

ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል። «በደንብ ከተያዘ» የምትለዋን ግን በደማቁ አስምሩባት። የታተመ ሰም (ንቡ ሥራውን የሚጀምርበት፣ የጉድጓድ ቅርጽ ያለው የሰም ገበታ) ይፈልጋል፣ ማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል፣ ልኩ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ፍሬሞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በየገጠሩ ግቢ ውስጥ ባዶውን ቆሞ ዶሮ የሚያድርበት ዘመናዊ ቀፎ ያየ ሰው ይህን አይክድም።

ለጀማሪ የምመክረው መካከለኛውን ነው፤ የሽግግር ቀፎ ወይም ቶፕ ባር የሚባለውን። ጎኖቹ ወደ ታች የሚጠቡ ረጅም ሣጥን ነው፤ ከላይ እንጨቶች ይደረደሩበታል፣ ንቡ ከእያንዳንዱ እንጨት የማር እንጀራውን ያንጠለጥላል። ሰም ማተሚያም ማሽንም አይፈልግም። በርጩማ የሚሠራ የጅማ አናጢ ይሠራዋል። አናጢውን ግን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ በሉት፤ የእያንዳንዱ እንጨት ስፋት 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኛ ንብ ከአንዱ እንጀራ መሃል እስከ ቀጣዩ እንጀራ መሃል የሚጠብቀው ርቀት ይህ ነው። እንጨቱ ከሰፋ ንቡ በራሱ መንገድ አግድም ይሠራል፣ አንዱን ስታነሱ ሦስቱ ይገነጠላል።

ከተቻለ በሁለት ቀፎ ጀምሩ። አንድ ብቻ ከሆነ ደከመ ወይስ ወቅቱ ነው የሚለውን የምታመሳክሩበት የለም።

ቦታው ጥላ ያለበት፣ ከመንገድና ከቤት በር ራቅ ያለ፣ አጥር የከለለው ይሁን። የታሰረ እንስሳ አጠገቡ አይኑር። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ዶሮ እንኳ ንብ ከተነሳበት ማምለጥ ካልቻለ ይሞታል። ቀፎው ከመሬት ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ በሩ በኩል ትንሽ ዘንበል ይበል፣ የጅማ ዝናብ ከገባ እንዲወጣ። ዋናው ጠላት ጉንዳን ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የማቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ፣ ዙሪያውን ሣር አጽዱ፣ አመድ ነስንሱ። ቆርቆሮው ደርቆ ወይም የሣር ዘንግ ቀፎውን ነክቶ ከሆነ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጉንዳን ድልድይ ፍለጋ አይሰንፍም። በበጋ ደግሞ ውኃ አስቀምጡ። ሰፋ ባለ ሳህን ውስጥ ጠጠር ሞልታችሁ ውኃ አድርጉበት፤ ንቡ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ይጠጣል።

ንቡ ከየት ይመጣል?

ወይ ከነመንጋው ከጎረቤት ትገዛላችሁ፣ ወይ ታጠምዳላችሁ። የማጥመጃ ቀፎ የሚሰቀለው ንብ በሚከፈልበት ወቅት ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ደህና ጊዜ ነው። ውስጡን በወይራ ጭስ እጠኑት፣ ሰም ቀቡት፣ ጠጅ ሣር እሹበት። ጠጅ ሣሩ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ሠራተኛ ንቦች «ቤቱ እዚህ ነው» ብለው ለመጠራራት የሚለቁት ሽታ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በጠጅ ሣርም ውስጥ አለ።

ሁለት ነገሮችን አትቀላቅሉ። መከፈል ማለት መንጋው ሲበዛ አሮጊቷ ንግሥት ግማሹን ይዛ ስትወጣ ነው፤ የቀረው አዲስ ንግሥት አሳድጎ ይቀጥላል። ይህ የጤንነት ምልክት ነው። መኮብለል ማለት ግን ሁሉም ትቶ ሲሄድ ነው። የእኛ ንብ ለዚህ ፈጣን ነው። ረሃብ፣ ጉንዳን፣ የሰም ትል፣ ወይም በየሦስት ቀኑ ክዳን የሚከፍት ጉጉ ጀማሪ ይበቃዋል። መጀመሪያ ላይ ጉጉት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቢሆንም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ በቂ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊትም ከበሩ ጎን ሆናችሁ ለአሥር ደቂቃ እዩ። ረፋድ ላይ ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት ተሸክመው እየገቡ ከሆነ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ፣ ንግሥቷም ሳትኖር አትቀርም። ባዶ እግራቸውን እየገቡ፣ በሩ ላይ እየተንቀዋለሉ ከሆነ ይጠርጠር። የተቀረደደ ሰምና ድር የመሰለ ነገር ከወለሉ ላይ ካያችሁ የሰም ትል ገብቷል። እሱ የሚደፍረው ደካማ መንጋን ነው፤ ንብ የማይሸፍነውን ትርፍ እንጀራ አውጡለት።

ለመክፈት ጥሩው ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ዓይነ ርግብ፣ ጓንት፣ ነጣ ያለ ልብስ። ሽቶ አትቀቡ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይሁን፤ ፌስታልና ጎማ እንዳታስቡት። በሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ አድርጉና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከጫፍ ያለውን እንጨት በቢላ አላቅቁና ቀስ ብላችሁ አንሱ። እንጀራውን ምንጊዜም እንደተንጠለጠለ ያዙት። ለማየት ብላችሁ ካጋደማችሁት በክብደቱ ይቆረጣል፣ ከነንቡ እግራችሁ ሥር ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም።

ንግሥቷን መፈለግ አያስፈልግም። ጀርባችሁን ለብርሃን ስጡና ባዶ የሚመስሉትን ጉድጓዶች ታች ተመልከቱ። ቀጭን ነጭ እንቁላል ቆማ ካያችሁ ንግሥቷ ባለፉት ሦስት ቀናት እዚያ ነበረች። ይበቃል፤ ዝጉ። ከእንጀራው ጫፍ ወደ ታች የተንጠለጠለ ረዘም ያለ የሰም ቤት ካለ ግን አዲስ ንግሥት እያሳደጉ ነው፤ ሊከፈሉ ነው። ባዶ እንጨት ጨምሩላቸው፣ ወይም ከፍላችሁ ሁለተኛ ቀፎ ሙሉ።

ሲነድፍ

ይነድፋል። መናደፊያውን በጥፍር ወይም በቢላ ጀርባ ቶሎ ፍቃችሁ አውጡ፤ መርዙ ከነከረጢቱ ስለሚቀር በዘገየ ቁጥር ይጨምራል። የተነደፈው ቦታ የሙዝ ሽታ የመሰለ ነገር ይሸታል። ለሌሎቹ የጥሪ ምልክት ነው፤ እዚያ ላይ ጭስ እፍ በሉና ራቅ በሉ። ማበጥና ማሳከክ የተለመደ ነው። ሰውነት ሁሉ ካበጠ፣ ከንፈርና ጉሮሮ ከነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካዞረ ግን ቤት ተቀምጦ የሚታከም አይደለም፤ ወዲያው ሆስፒታል። ንብ ከመግዛታችሁ በፊት ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ የሚሆን ሰው እንዳለ ጠይቁ።

ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ የረሃብ ወራት ናቸው። ውጭ ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። አረንጓዴ ቅጠል ግን ለንብ ምኑም አይደለም፤ አበባ የለም፣ ዝናቡም አያስወጣውም። በዚህ ጊዜ ቀፎ አይከፈትም። ከኋላ በኩል በአንድ እጅ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ክብደቱን ለኩ። በሩን አጥብቡ፣ ክዳኑ እንደማያፈስ እዩ።

ቀለብ መስጠት ካስፈለገ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ ቀዝቀዝ ሲል ምሽት ላይ ቀፎው ውስጥ አስቀምጡ፤ እንዳይሰምጡ ሣር ጣል አድርጉበት። ለአበባ ዱቄት ምትክ በሶ ወይም የባቄላ ዱቄት ይሆናል። ሽሮ ይሰጣል ሲባል የምትሰሙት ምንም ቅመም ያልነካው ነው፤ በርበሬ ያለበትን የራት ሽሮ አይደለም። የመስከረም 10ን አደይ የሚለቅም ንብ ለማግኘት 42 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ነሐሴ 3 ይመጣል። ስለዚህ ቀለቡ ከነሐሴ መጀመሪያ ይሰጥ፤ አበባው ሲፈነዳ ደግሞ ይቁም፣ አለበለዚያ ስኳሩ ማሩ ውስጥ ይገባል።

ከጎረቤት ጋር የምትነጋገሩበትም ጊዜ ነው። በቆሎ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረም መቹን ያጠፋዋል፤ ጫትና አትክልት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ደግሞ ንቡን ራሱን። ጠብ አያስፈልግም። ጎረቤትን «ስትረጭ ቀድመህ ንገረኝ፣ ከተቻለም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን» ማለት ብዙ ንብ ያድናል። ያ ጎረቤት ቡና ካለው የእናንተ ንብ ለእሱም እንደሚሠራ ንገሩት፤ ቡና ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ አያያዙ ይሻላል።

ቆረጣ

ማር ደርሷል የሚባለው ንቡ ራሱ በሰም ሲከድነው ነው። ከእንጀራው ሦስት አራተኛው ካልተከደነ አትቁረጡ። ያልበሰለ ማር ውኃው ከ20 በመቶ ያልፋል፣ ይቦካል። ለጠጅ ሊሆን ይችላል፤ ለመደርደሪያ አይሆንም። ጭስ አታብዙ፣ ማሩ ይሸታል። እጭ ያለበትን አትንኩ። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ውስጥ አስገቡና ወዲያው ክደኑ፤ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት አያጣም።

ጅማ ሂርማታ ገበያ ይዛችሁ ስትወጡ የምትሰሙትን ልንገራችሁ። «ረግቷል፣ ስኳር አለበት!» የጌተም ማር ቶሎ ይረጋል፣ ነጭም ይሆናል፤ ተፈጥሮው ነው። ክብሪት ነክሮ መለኮስም ስኳር አይለይም፤ ቢበዛ ውኃ መብዛቱን ነው የሚናገረው። ማሩን ለማቅለጥ ብላችሁ እሳት ላይ አትጣዱት። ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል።

የተጨመቀውን እንጀራም አትጣሉ። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች። በውኃ አፍሉት፣ ሲቀልጥ በጨርቅ አጥሉት፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ሰሙ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፣ ቆሻሻው ሥር ይቀራል። ሥሩን በቢላ ፍቁ። ለመስከረሙ ማጥመጃ የሚሆን ቁራሽ አስቀርታችሁ ሌላውን ሽጡት።